ጌጤ ዋሚ፣ በታላላቅ ማራቶኖች ውድድር የመጀመሪያዋ የሴቶች ሻምፒዮን

ኢትዮጵያ አዲሱን ሚሊኒየም በተቀበለች በሁለተኛው ወር፣ ጥቅምት 24 ቀን 2000 ዓ.ም፣ አትሌት ጌጤ ዋሚ የኒውዮርክ ማራቶንን ሁለተኛ ሆና ጨረሰች። የዕለቱ አሸናፊ እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ነበረች። ይሁን እንጂ በዚያው ዕለት የ500 ሺህ የአሜሪካን ዶላር ሽልማት ባለቤትነቷን ያረጋገጠችው ሁለተኛ የወጣችው ኢትዮጵያዊት ነበረች።

ሽልማቱ የተሰጠው ለአንድ ቀን ውድድር ሳይሆን ለሁለት ዓመታት የነጥብ ድምር ነው። ጌጤ በሴቶች ምድብ የወርልድ ማራቶን ሜጀርስ፣ በአማርኛ የዓለም ታላላቅ ማራቶኖች፣ የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን ሆና የተመዘገበችው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ጽሑፍ የውድድሩን አመሠራረትና የነጥብ አሰጣጥ፣ የአትሌቷን የውድድር ታሪክና ከእርሷ በኋላ የተገኙትን የኢትዮጵያውያት ውጤቶች ያቀርባል። ዓ.ም ተብሎ ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የውድድሩ አመሠራረት

የወርልድ ማራቶን ሜጀርስ የተቋቋመው በ2006 ሲሆን፣ መሥራቾቹ የቦስተን፣ የለንደን፣ የበርሊን፣ የቺካጎና የኒውዮርክ ማራቶን አዘጋጆች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዕድሜ ጠገቡ በ1897 የተጀመረው የቦስተን ማራቶን ነው። የኒውዮርክ በ1970፣ የበርሊን በ1974፣ የቺካጎ በ1977፣ የለንደን ደግሞ በ1981 ተጀምረዋል። የቶኪዮ ማራቶን በ2013፣ የሲድኒ ማራቶን በ2025 ተጨምረው የውድድሮቹ ቁጥር ሰባት ደርሷል።

ታላላቅ ውድድሮችን ለይቶ “ሜጀር” ብሎ መጥራት በጎልፍና በሜዳ ቴኒስ ቀደም ብሎ የሚታወቅ አሠራር ነው። በሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ በዓመት አምስት ታላላቅ ሻምፒዮናዎች ይካሄዳሉ። ከእነዚህ ውስጥ አንጋፋው በ1946 የተጀመረው የዩናይትድ ስቴትስ የሴቶች ኦፕን ሲሆን፣ የብሪታንያ የሴቶች ኦፕን ከ2001፣ በፈረንሳይ የሚካሄደው የኤቪያን ሻምፒዮና ደግሞ ከ2013 ጀምሮ በታላላቆቹ ተርታ ተመድበዋል። አንዲት የጎልፍ ተጫዋች አምስቱንም በአንድ ዓመት ውስጥ መወዳደር ትችላለች።

በማራቶን ግን ይህ አይቻልም። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በከፍተኛ ፍጥነት የሮጠ አትሌት ለማገገምና እንደገና ለመዘጋጀት ወራት ያስፈልጉታል። በመሆኑም ታዋቂ አትሌቶች በዓመት ከሁለት ማራቶን በላይ የሚወዳደሩት ከስንት አንዴ ነው። የውድድሩ አዘጋጆች የመጀመሪያውን ሻምፒዮና በሁለት ዓመት እንዲጠቃለል ያደረጉትም ይህንኑ በማገናዘብ ነው።

የነጥብ አሰጣጥ

በመጀመሪያው ዙር በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት በእያንዳንዱ ማራቶን አንደኛ የወጣ አትሌት 25፣ ሁለተኛ 15፣ ሦስተኛ 10፣ አራተኛ 5፣ አምስተኛ 1 ነጥብ ያገኛል። ከአምስተኛ በታች የወጣ ነጥብ አይሰጠውም። የዓለም ሻምፒዮናና የኦሊምፒክ ማራቶኖችም በሚካሄዱባቸው ዓመታት ነጥብ ያስገኛሉ። ለአንድ አትሌት የሚደመሩት በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ያስመዘገባቸው ከፍተኛ አራት ውጤቶች ናቸው።

ደንቡ በኋላ ተሻሽሏል። ከ2015 ጀምሮ ነጥቡ 25፣ 16፣ 9፣ 4 እና 1 ሆኖ የሚደመሩት ውጤቶችም ወደ ሁለት ዝቅ እንዲሉ ተደርጓል።

የመጀመሪያው ደንብ ሁለት ነገሮችን ይጠይቅ ነበር። አንደኛው ከፍተኛ ውጤት ማስመዝገብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንን ውጤት በተደጋጋሚ ማስመዝገብ ነው። አንድ ጊዜ አሸንፎ የተቀመጠ አትሌት 25 ነጥብ ብቻ ይዞ ይቀራል፤ አራት ጊዜ ሁለተኛ የወጣ ግን 60 ነጥብ ይኖረዋል። የጌጤ ዋሚ ድል የተገነባው በዚህ ስሌት ላይ ነው።

ከላምበረት እስከ ጫጫ

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ በመገናኛና በኮተቤ መካከል የሚገኘው ላምበረት በመናኸሪያው ይታወቃል። በደብረ ብርሃንና በደሴ መስመር የሚጓዙ መንገደኞች የሚሳፈሩት በዚሁ መናኸሪያ ነው። መንገዱ ኮተቤን አልፎ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በአለልቱና በሸኖ በኩል ወደ ሰሜን ሸዋ ይዘልቃል። በዚህ መስመር ላይ የምትገኘው ሰንዳፋ የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች በአስፋልት ላይ ልምምድ ከሚያደርጉባቸው ቦታዎች አንዷ ነች። መንገዱ ደብረ ብርሃን ከመድረሱ በፊት በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የምትገኘውን ጫጫ ከተማ ያቋርጣል። አትሌት ጌጤ ዋሚ የተወለደችው በጫጫ በታኅሣሥ ወር 1974 ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው።

ጌጤ በዓለም አቀፍ መድረክ ስሟን ያስጠራችው በመጀመሪያ በአገር አቋራጭ ሩጫ ነው። በ1996 በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ፣ በ1999 ደግሞ በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት የተካሄዱትን የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናዎች በረጅሙ ርቀት አሸንፋለች። በ2001 በቤልጂየም ኦስተንድ በተካሄደው ሻምፒዮና በአጭሩ ርቀት የወርቅ፣ በረጅሙ ርቀት የብር ሜዳሊያ አግኝታለች። በኦስተንድ በሁለቱም ውድድሮች የተፋለመችው ከፓውላ ራድክሊፍ ጋር ሲሆን፣ አንዱን ጌጤ ሌላውን ራድክሊፍ ወስደዋል።

በትራክ ላይ በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ተሸልማለች። በ1999 በስፔን ሴቪያ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ርቀቱን በ30 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ከ56 መቶኛ ሰከንድ በመግባት የወርቅ ሜዳሊያ ስትወስድ፣ ራድክሊፍ ሁለተኛ ሆናለች። በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ደራርቱ ቱሉን ተከትላ የብር፣ በ5 ሺህ ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አግኝታለች። በ2001 በካናዳ ኤድመንተን ደራርቱ ቱሉ፣ ብርሃኔ አደሬና ጌጤ ዋሚ በ10 ሺህ ሜትር ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው በመግባት ሜዳሊያዎቹን በሙሉ ለኢትዮጵያ አስገኝተዋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ማራቶን ተሸጋገረች። በ2002 የመጀመሪያ ማራቶኗን በአምስተርዳም ሮጣ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ አሸነፈች። በ2003 ሴት ልጅ ወልዳለች።

የኢትዮጵያ ሴቶችና የማራቶን መንገድ

ጌጤ ወደ ማራቶን ስትመጣ መንገዱ በሌሎች ኢትዮጵያውያት ተከፍቶ ነበር። ይሁንና መንገዱ የተከፈተው ከወንዶቹ እጅግ ዘግይቶ ነው። አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው በ1960 ሲሆን፣ የሴቶች ማራቶን ወደ ኦሊምፒክ የገባው ከ24 ዓመታት በኋላ በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው። የቦስተን ማራቶንም ሴቶችን በይፋ መመዝገብ የጀመረው በ1972 ነው።

ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ያገኘችው ወርቅ ለጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር። በ1996 በአትላንታ ፋጡማ ሮባ በኦሊምፒክ ማራቶን የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ ከ1997 እስከ 1999 የቦስተን ማራቶንን ለሦስት ተከታታይ ዓመታት አሸንፋለች። ደራርቱም በ2001 የለንደን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ አሸንፋለች። እነዚህ ድሎች የተገኙት ግን የነጥብ ውድድሩ ከመመሥረቱ በፊት ስለሆነ በስሌቱ ውስጥ አይገቡም።

የ35 ቀናት ልዩነት

የመጀመሪያው ዙር በ2006 በቦስተን ተጀምሮ በኅዳር ወር 2007 በኒውዮርክ ተጠናቋል። ጌጤ በመስከረም ወር 2006 የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ አሸንፋ 25 ነጥብ ያዘች። በሚያዝያ 2007 በለንደን ቻይናዊቷን ዡ ቹንሺዩን ተከትላ ሁለተኛ በመውጣት 15 ነጥብ ጨመረች። ድምሯ 40 ደረሰ።

ዋናዋ ተፎካካሪ የላትቪያዋ የሌና ፕሮኮፕቹካ ነበረች። ፕሮኮፕቹካ በ2006 በቦስተን ሁለተኛ፣ በኒውዮርክ አንደኛ፣ በ2007 በቦስተን እንደገና ሁለተኛ በመውጣት 55 ነጥብ ሰብስባ ነበር። ጌጤ በ15 ነጥብ ትከተላት ነበር።

መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም ጌጤ በበርሊን ለሁለተኛ ጊዜ ተሰለፈች። ያ ዕለት በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ታሪክ በሌላም ምክንያት የሚታወስ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በዚሁ ውድድር በወንዶች ማራቶን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በመግባት አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበው በዚያን ዕለት ነው። ጌጤም የሴቶቹን ውድድር በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸንፋ ነጥቧን ወደ 65 አሳደገች። በዚህም ፕሮኮፕቹካን በ10 ነጥብ ቀደመቻት።

መሪነቱ ግን አስተማማኝ አልነበረም። ፕሮኮፕቹካ ገና በኒውዮርክ ትሮጣለች። ጌጤ በኒውዮርክ ባትሰለፍና ፕሮኮፕቹካ አንደኛ ብትወጣ 80፣ ሁለተኛ ብትወጣ 70 ነጥብ ይኖራታል፤ በሁለቱም ሁኔታ ሻምፒዮናው የላትቪያዋ ይሆናል። ሦስተኛ ብትወጣም ሁለቱ በ65 ነጥብ እኩል ይሆናሉ። ፕሮኮፕቹካ በኒውዮርክ ያለፈው ዓመት አሸናፊ እንደመሆኗ ከሦስተኛ በታች ትወርዳለች ብሎ መገመት የሚያስተማምን አልነበረም።

በአንጻሩ ጌጤ በኒውዮርክ ለመሰለፍ ከወሰነች ከበርሊን በኋላ የሚኖራት ጊዜ 35 ቀናት ብቻ ነው። ይህ ጊዜ ለአንድ የማራቶን አትሌት ለማገገም እንኳ አጭር ነው። ኒውዮርክም እንደ በርሊን ሜዳማ አይደለም፤ ድልድዮችና ዳገቶች ያሉበት ሲሆን የመጨረሻው ክፍል በሴንትራል ፓርክ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚል ነው። ውጤቱ ቢበላሽ ሽልማቱ ከመቅረቱም በላይ የአትሌቷ የቀጣይ ዓመት ዝግጅት ሊስተጓጎል ይችል ነበር። ጌጤ ለመሰለፍ ወሰነች።

ጥቅምት 24 ቀን 2000 ዓ.ም በተካሄደው ውድድር ጌጤና ራድክሊፍ ከሌሎቹ ተነጥለው ለረጅም ርቀት አብረው ሮጡ። ራድክሊፍ በወቅቱ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ስትሆን፣ በዚያው ዓመት በጥር ወር ልጅ ወልዳ ወደ ማራቶን የተመለሰችበት ውድድር ነበር። በመሆኑም በሴንትራል ፓርክ ለአንደኛነት የተፎካከሩት ሁለቱም እናቶች ነበሩ። ውድድሩ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው ጌጤ ፍጥነቷን ጨምራ ለመቅደም ብትሞክርም ራድክሊፍ ወዲያውኑ መልስ ሰጥታ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ አሸነፈች። ጌጤ 23 ሰከንድ ዘግይታ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ገባች። ፕሮኮፕቹካ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ሦስተኛ ሆነች።

የመጨረሻው ድምር ለጌጤ ዋሚ 80፣ ለፕሮኮፕቹካ 65 ነጥብ ነበር። ጌጤ በ35 ቀናት ውስጥ የሮጠቻቸው የሁለቱ ማራቶኖች ሰዓት ልዩነት 15 ሰከንድ ብቻ ነው። ፕሮኮፕቹካ በኒውዮርክ ሦስተኛ በመውጣቷ ጌጤ ባትሰለፍ ኖሮ ራድክሊፍን ተከትላ ሁለተኛ የምትወጣው ፕሮኮፕቹካ ትሆን ነበር። ያኔ የላትቪያዋ ነጥብ 70፣ የጌጤ 65 ይሆናል። በመሆኑም ሻምፒዮናው የተወሰነው ጌጤ በመሮጧ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የሽልማቱ እኩልነት

ለመጀመሪያው ዙር የተመደበው አንድ ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር ሲሆን፣ ለወንዶች ሻምፒዮን 500 ሺህ፣ ለሴቶች ሻምፒዮንም 500 ሺህ ዶላር ነበር። በወንዶች ሻምፒዮን የሆነው ኬንያዊው ሮበርት ቼሩዮት ያገኘውን ያህል ጌጤም አግኝታለች። ገንዘቡ በወቅቱ ምንዛሪ ከ4 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር።

ይህ እኩልነት በሌሎች የሙያ ስፖርቶች ሁልጊዜ የሚገኝ አይደለም። በጎልፍ በ2024 ለዩናይትድ ስቴትስ የሴቶች ኦፕን የተመደበው ጠቅላላ ሽልማት 12 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ለወንዶቹ ኦፕን የተመደበው 21 ነጥብ 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በገንዘብ መጠን የጎልፉ እጅግ ቢበልጥም በሁለቱ ጾታዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። በማራቶን ሴቶችና ወንዶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጎዳና፣ በአንድ አዘጋጅ ስለሚወዳደሩ ሽልማቱን እኩል ማድረግ እንደሚቻል የታላላቆቹ ማራቶኖች አሠራር አሳይቷል።

ከጌጤ በኋላ የተመዘገቡ ድሎች

ከ2006 እስከ 2025 ኢትዮጵያውያት በሴቶች ምድብ ካሸነፉባቸው ታላላቅ ማራቶኖች መካከል የሚከተሉት በከተማ ተለይተው ቀርበዋል።

በርሊን፦ ጌጤ ዋሚ በ2006 እና በ2007፣ አፀደ ሀብታሙ በ2009፣ አበሩ ከበደ በ2010፣ በ2012 እና በ2016፣ ትርፊ ፀጋዬ በ2014፣ አሸቴ በከሪ በ2019፣ ጎቲቶም ገብረሥላሴ በ2021፣ ትዕግስት አሰፋ በ2022 እና በ2023፣ ትዕግስት ከተማ በ2024። በርሊን ለኢትዮጵያውያት እጅግ የተሳካላት ከተማ ነች።

ቺካጎ፦ ብርሃኔ አደሬ በ2006 እና በ2007፣ አፀደ ባይሳ በ2010 እና በ2012፣ እጅጋየሁ ዲባባ በ2011፣ ሃዊ ፈይሳ በ2025።

ቦስተን፦ ድሬ ቱኔ በ2008፣ ጠይባ ኤርኬሶ በ2010፣ ብዙነሽ ዳባ በ2014፣ አፀደ ባይሳ በ2016፣ ወርቅነሽ ደገፋ በ2019።

ለንደን፦ አሰለፈች መርጊያ በ2010፣ ትዕግስት ቱፋ በ2015፣ ያለምዘርፍ የኋላው በ2022፣ ትዕግስት አሰፋ በ2025።

ኒውዮርክ፦ ደራርቱ ቱሉ በ2009፣ ፍሬሕይወት ዳዶ በ2011።

ቶኪዮ፦ አበሩ ከበደ በ2013፣ ትርፊ ፀጋዬ በ2014፣ ብርሃኔ ዲባባ በ2015 እና በ2018፣ ሩቲ አጋ በ2019፣ ሱቱሜ አሰፋ በ2024 እና በ2025።

ከእነዚህ ድሎች አንዳንዶቹ በሰከንዶች ልዩነት የተገኙ ናቸው። መስከረም 26 ቀን 2000 ዓ.ም፣ ጌጤ በበርሊንና በኒውዮርክ መካከል ባለችበት ጊዜ፣ የቺካጎ ማራቶን የተካሄደው ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ነበር። በሙቀቱ ምክንያት አዘጋጆቹ ለብዙኃኑ ተሳታፊዎች ውድድሩን ለማቋረጥ ተገደዋል። ብርሃኔ አደሬ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ሩማንያዊቷን አድሪያና ፒርቴያን ደርሳ በማለፍ በ3 ሰከንድ ልዩነት አሸንፋለች። ድሬ ቱኔም በ2008 ቦስተንን ያሸነፈችው በ2 ሰከንድ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ2009 ኒውዮርክን ስታሸንፍ ዕድሜዋ 37 ዓመት ሲሆን፣ በከተማዋ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት ሆናለች። ደራርቱ ከ2018 እስከ 2024 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርታለች።

በሰዓት በኩል ትልቁ ለውጥ የታየው በ2023 ነው። ትዕግስት አሰፋ በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመግባት የዓለም ክብረ ወሰንን ያሻሻለች ሲሆን፣ ክብረ ወሰኑ እስከ ጥቅምት 2024 ጸንቶ ቆይቷል። ጌጤ በዚያው ከተማ በ2006 ካስመዘገበችው ሰዓት ጋር ሲነጻጸር የ9 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ልዩነት አለው።

ዘግይተው የተረጋገጡ ድሎች

ከላይ ከተዘረዘሩት ድሎች መካከል አራቱ አትሌቶቹ ውድድሩን በጨረሱበት ዕለት የታወቁ አልነበሩም። ሩሲያዊቷ ሊሊያ ሾቡኮቫ በ2010 የለንደንን፣ በ2010 እና በ2011 የቺካጎን ማራቶን አንደኛ ሆና ብትጨርስም፣ በአበረታች ቅመሞች ጥሰት ከጥቅምት 2009 ወዲህ ያስመዘገበቻቸው ውጤቶች ተሰርዘዋል። በለንደን ሁለተኛ የወጣችው ሩሲያዊቷ ኢንጋ አቢቶቫም ውጤቷ በመሰረዙ ሦስተኛ የነበረችው አሰለፈች መርጊያ አሸናፊ ሆናለች። በቺካጎ የ2010 ድል ለአፀደ ባይሳ፣ የ2011 ድል ለእጅጋየሁ ዲባባ ተላልፏል።

በ2014 በቦስተን ኬንያዊቷ ሪታ ጄፕቱ አንደኛ ብትሆንም ውጤቷ በ2016 በዓለም አቀፉ የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ውሳኔ ተሰርዟል። ሁለተኛ የነበረችውና ነዋሪነቷ በኒውዮርክ የሆነው ኢትዮጵያዊት ብዙነሽ ዳባ አሸናፊ ተብላለች። ብዙነሽ የገባችበት 2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የቦስተን የሴቶች ክብረ ወሰን ሆኖ የቆየው እስከ 2025 ነው። ለአሸናፊነቷ የሚገባት የገንዘብ ልዩነት ግን ለዓመታት ሳይከፈላት ቆይቶ በ2024 አንድ አሜሪካዊ የንግድ ሰው 75 ሺህ ዶላር ከግሉ ሰጥቷታል።

በእነዚህ ጉዳዮች የታየው ጉዳት የገንዘብ ብቻ አይደለም። አንድ አትሌት በመጨረሻው መስመር ላይ የሚያገኘው ክብር፣ የብሔራዊ መዝሙርና የተመልካች አቀባበል ከዓመታት በኋላ በደብዳቤ ሊተካ አይችልም። ከአሸናፊነት ጋር ተያይዘው የሚመጡ የተሳትፎ ክፍያዎችና የትጥቅ አምራቾች ውሎችም በወቅቱ ለሌላ ተሰጥተው አልፈዋል።

የነጥብ ሻምፒዮናውም ከዚህ ችግር አላመለጠም። ሾቡኮቫ በ2009/10 እና በ2010/11 አግኝታቸው የነበሩት የሻምፒዮንነት ማዕረጎች ተነስተዋል። በ2014 ደግሞ ጄፕቱ የምትሸለምበት ሥነ ሥርዓት ሊካሄድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የምርመራ ውጤቷ በመታወቁ ተሰርዟል። ከዚህ በኋላ አዘጋጆቹ ለሻምፒዮኖች የሚሰጠው 500 ሺህ ዶላር በአንድ ጊዜ መከፈሉ ቀርቶ በየዓመቱ 100 ሺህ እየሆነ በአምስት ዓመት እንዲከፈል ወስነው ነበር። የዚህ ዓላማ ጥሰት ቢገኝ ቀሪውን ክፍያ ለማስቆም ነው።

የሙያ ውድድርና ብሔራዊ ቡድን

ታላላቅ ማራቶኖች ከኦሊምፒክና ከዓለም ሻምፒዮና የሚለዩበት አንዱ ነጥብ የተሳትፎው ሁኔታ ነው። በኦሊምፒክ አንድ አገር በማራቶን በአንድ ጾታ የምታሰልፈው ቢበዛ ሦስት አትሌት ሲሆን፣ ምርጫውን የሚያካሂደው ብሔራዊ ፌዴሬሽን ነው። በታላላቅ ማራቶኖች ግን አትሌቱ የሚሰለፈው በአዘጋጁ ግብዣ፣ በማናጀሩ አማካይነት በሚፈጸም ውል ነው። በአንድ ውድድር ላይ አምስትና ስድስት ኢትዮጵያውያት ሊሰለፉ የሚችሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አሠራር ለአትሌቶች ገቢ ሲያስገኝ ለብሔራዊ ቡድን ግን የጊዜ አጠቃቀም ጥያቄ ያስነሳል። የለንደንና የቦስተን ማራቶኖች በሚያዝያ፣ የኦሊምፒክና የዓለም ሻምፒዮና ማራቶኖች በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ፣ የበርሊን፣ የቺካጎና የኒውዮርክ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይካሄዳሉ። አንድ አትሌት ሦስቱንም ወቅቶች በእኩል ብቃት መሸፈን አይችልም። ስለሆነም ፌዴሬሽን፣ አሠልጣኝ፣ ማናጀርና አትሌት የዓመቱን መርሐ ግብር አስቀድመው ሊስማሙበት ይገባል። ጌጤ በ35 ቀናት ልዩነት ሁለት ማራቶን መሮጧ የተሳካ ውሳኔ ቢሆንም በየዓመቱ ሊደገም የሚችል ምሳሌ ተደርጎ አይወሰድም።

የወርልድ ማራቶን ሜጀርስ የሴቶች ሻምፒዮኖች ዝርዝር ከ2006 ወዲህ ከአንድ ጊዜ በላይ እርማት ተደርጎበታል፤ ስሞች ወጥተው በሌሎች ተተክተዋል። በዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ የተጻፈው የጫጫዋ ተወላጅ ስምና 80 ነጥቧ ግን እንደተመዘገበ ይገኛል።